ክብርት ዳኛ

ለፍቅረኛዋ ጽፋ የጨረሰችለትን የንግድ ዕቅድ ይዛ ቤቱ በር ጋ ስትደርስ የጓደኛዋን የራኬብን ሳቅ ሰማች። እሱና ራኬብ ለንግድ ሥራ ውድድሩ ቃለ መጠይቅ እየተለማመዱ ነው፤ ራኬብ እንደ ዳኛ ትጠይቃለች፣ እሱ ይመልሳል። ቅናት አንገበገባት። ቃለ መጠይቅ ደግሞ ምን ያሳስቃል?

«ይህን ሥራ ለምን መረጡ?» አለች ራኬብ።

«ገበያው ስለሚፈልገው ነው፣ ክብርት ዳኛ።»

እንደ ባዳ በአንቱታ ሲነጋገሩ ስትሰማ በረድ አለላት። የገዛ ቅናቷ አሳፈራት። «በከንቱ ጠረጠርኳቸው» አለች በልቧ፤ ልታንኳኳ እጇን አነሳች።

«የመጨረሻ ጥያቄ» አለች ራኬብ ኮስተር ብላ። «ስለ እኛ ለፍቅረኛዎ መቼ ይነግሯታል?»

«ዕቅዱን ጽፋ ስትጨርስልኝ፣ ክብርት ዳኛ።»