የሃሴት ጣት

ጎረቤት ለሳያት በአጥር ሹክ ያለቻት እውነት ሆነ፤ አከራይዋ ደብሪቱ ልታባርራት ነው።

«ልጅሽ ግቢዬን በእከክ ጨረሰችው! ሐኪሙ እከክ ነው ካለ ዛሬውኑ ትወጫለሽ!» ብላ፣ ጓደኛዋን ብርሃነሽን ለምስክር አስከትላ ሳያት ልጇን ወደወሰደችበት ክሊኒክ ድረስ መጣች።

ሐኪሙ «አይዞሽ፣ መርፌ የለውም» አለና መብራት ያለውን ማጉያ መነጽር ወደ ትንሿ ሃሴት ጣት አስጠጋ። ከማጉያው ጋር የተገናኘው ቴሌቪዥን ላይ ጣት ወጣ። ከቆዳው ሥር ደቃቅ ተባይ እየቆፈረ ይሄዳል።

«ይኸው! እከካም!» አለች ደብሪቱ።

ሳያት ግን አፍጥጣ ቀረች። ቴሌቪዥኑ ላይ ያለው ጣት የተጨማደደ ነው፤ የወርቅ ቀለበትም አድርጓል። የልጇ ጣት ባዶ ነው።

ደብሪቱ ባለቀለበት እጇን ነጠላዋ ውስጥ ስትከት፣ የቴሌቪዥኑም ጣት ነጠላ ውስጥ ገባ።

«እንግዲህ ደብሪቱ፣» አለች ብርሃነሽ፣ «ማን ይውጣ?»