በአንድ ዘመን ያልኖሩ

አባትየው ዕድሜውን በቅሪተ አካል ምርምር ያሳለፈ ሰው ስለሆነ የዳይኖሰር ተከታታይ ፊልም አርፎ ማየት አይችልም። ልጁ ልዕልና ደግሞ ሆስፒታል ከተኛች ወዲህ ሌላ ነገር አታስከፍትም፤ የምትወደውም ፊልሙን ሳይሆን የእሱን ንዴት ነው።

«ውሸት! ይኼ ላባ ነበረው እኮ፣ ማን ላጨው? እነዚህ ሁለቱ ደግሞ የት ተገናኝተው ነው የሚጣሉት? ያኛው ከጠፋ ከስንት ሚሊዮን ዓመት በኋላ ነው ይኼኛው የመጣው!»

«አባዬ፣ ፊልም እኮ ነው» ትላለች እየሳቀች።

«ፊልም ቢሆንስ? ለልጅ ይዋሻል እንዴ?»

ዛሬ ሐኪሙ ኮሪደር ላይ ጠርቶ አነጋገረው። አብረውት የሰሙት ታላቅ እህቱ፣ ሐኪሙ ዘወር እንዳለ ክንዱን ጨመቅ አደረጉት።

«እንዳትነግራት። የታመመ ሰው እንዲህ ያለ ነገር አይነገረውም። በል ፊትህን ታጠብና ግባ።»

ታጥቦ ገባና አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«ዶክተሩ ምን አለህ?»

«ተሽሏታል አለ። በቅርቡ ቤታችን እንገባለን።»

ፊቱን አየችውና ወደ ቴሌቪዥኑ ዞረች። እነዚያው ሁለት ዳይኖሰሮች እንደገና ተናንቀዋል። እስኪቆጣ ጠበቀች። አልተቆጣም።

«አባዬ፣ እነዚህ ሁለቱ በአንድ ዘመን ኖረዋል?»

«አዎ የኔ ቆንጆ፣ ኖረዋል።»

ልዕልና ቴሌቪዥኑን አጠፋችና እጁን ያዘችው።

«አይዞህ አባዬ» አለችው።