ወደ ግራ የዞረችው ልጅ

«አውት! ውጪ ነሽ! ጨዋታው አልቋል!»

ዌንደል እጁን ወደ ላይ ወርውሮ ጮኸ...

 የወላጅ ጩኸት ወረደበት።

ነገሩ እንዲህ ነው...

ኦሃዮ ውስጥ በአንዲት ትንሽ ከተማ የአሥራ ሁለት ዓመት ሴት ልጆች፣ ኳስ በዱላ መትቶ «ቤዝ» ከሚሉት ማረፊያ ወደ ማረፊያ የሚሮጥበትን ሶፍትቦል እየተጫወቱ ነው። ያሸነፈ ወደ ስቴቱ ውድድር ያልፋል፤ የተሸነፈ ዕቃውን ሰብስቦ ቤቱ ይገባል።

ዳኛ ግን የለም።

የሊጉ ኃላፊ «እባካችሁ ከወላጅ አንድ ሰው ይግባልን» ብሎ ሲለምን ቀድሞ የተነሳው ዌንደል ነው። ዘንድሮ ነው ከነቤተሰቡ ወደ ከተማዋ የገባው። ልጁ ብሪያ ከሚጫወቱት አንዷ ናት።

ሥልጠና? ምን ሥልጠና... «ቤዝቦል ስጫወት ነው ያደግኩት፤ ሕጉ ያው ነው» አለ።

የብሪያ ቡድን በአንድ ነጥብ እየመራ፣ ከተጋጣሚው አንዲት ልጅ ብቻ አውት ሆና ብትወጣ ጨዋታው የሚያልቅበት ሰዓት ደረሰ።

ዴላኒ የምትባል ቀጭን ልጅ ኳሷን መታች... ሮጠች... ከኳሱ ቀድማ የመጀመሪያውን ቤዝ ረገጠች፤ ዳነች ማለት ነው። ፍጥነቷ ጥቂት እርምጃ አሳልፎ ወሰዳት። ልትመለስ ወደ ግራ ስትዞር፣ ቤዙ ላይ ሳትደርስ ብሪያ በኳሱ ነካቻት።

ዌንደል የጮኸው ያኔ ነው።

የዴላኒ አሰልጣኝ ሮጣ መጣች።

«ልጅቷ እኮ ወደ ሁለተኛው ቤዝ አልሮጠችም። ዝም ብላ ነው የተመለሰችው።»

«ወደ ግራ ዞራለች። ወደ ግራ ዞሮ የተነካ አውት ነው፤ ይሄን ያላወቀ ምኑን አሰልጣኝ ሆነ?»

ከወላጆች መሐል አንዱ «ለልጅህ ነው የፈረድከው፣ ሌባ!» አለ። ሌላው «ዓይንህን ተመርመር!» አለ። የውሃ ጠርሙስ እግሩ ሥር መጥቶ ወደቀ።



በዚህ መሐል አንዲት አሮጊት ከመቀመጫቸው ተነሡ።

«በቃ። ሰውየው ፈርዷል። ልጆቹ እየሰሟችሁ ነው... ተቀመጡ።»

ሰው ሁሉ ተቀመጠ። ሴትዮዋ ወርደው የምታለቅሰውን ዴላኒን አቀፏት። የልጅ ልጃቸው ነበረች።

ዌንደል ሰው ሲበተን ጠብቆ ተጠጋቸው።

«እናቴ፣ እርስዎ ባይደርሱልኝ በልተውኝ ነበር። የልጅ ልጅዎ መሆኗን አላወቅኩም።»

«እኔንም አላወቅከኝም።»

«እንተዋወቃለን እንዴ?»

«ፊቴን አላየኸውም፤ የዳኛ ጭምብል አድርጌ ነበር። እዚህ ሜዳ ላይ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ዳኝቻለሁ። ከሦስት ሳምንት በፊት አንዲት ልጅ ልክ እንደዛሬው ወደ ግራ ዞራ ተመለሰች። እኔ አውት አይደለችም አልኩ። አንተ...»

መጨረስ አላስፈለጋቸውም። ዌንደል ትዝ አለው...

አጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ «አንቺ አሮጊት፣ ሕጉን ካላወቅሽ ቤትሽ ሄደሽ ሹራብ ሥሪ!» ብሏቸው ነበር። ሰው ሲስቅለት ደግሞ ደገመው። እኚህ ሴት ያን ቀን አንገታቸውን ደፍተው ነበር ወደ መኪናቸው የሄዱት።

«በማግስቱ ጭምብሌን ለሊጉ መለስኩ። ዛሬ ዳኛ የጠፋው ለዚህ ነው።»

«ሕጉስ...?» አለ ዌንደል።

«ወደ ሁለተኛው ልሩጥ ካላለች፣ ወደ ግራም ዞረች ወደ ቀኝ፣ አውት አይደለችም።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ...

ወደ ሊጉ ኃላፊው ሮጦ «ተሳስቻለሁ፣ ልጆቹ ይቀጥሉ» አለ። ኃላፊው ግን «ቡድኖቹ ከሜዳ ወጥተዋል፤ ከዚህ በኋላ ሕጉ አይፈቅድም» አለው። የልጁ ቡድን አለፈ። ሁሉም ሲጨፍሩ ብሪያ አባቷን በዓይኗ ብትፈልገው አጣችው።

እሱ ዴላኒ ፊት ተንበርክኮ ነበር።

«እኔ ነኝ የተሳሳትኩት። አውት አልነበርሽም።»

«አውቃለሁ» አለች ልጅቷ፣ እንባዋን በእጅጌዋ እየጠረገች።

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«አያቴ በዳኛ ላይ አይጮህም ብላኛለች።»

ዌንደል ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም።

ወገኖቼ... ካፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። ከአጥር ውጪ ሆኖ መሳደብ የማይችል የለም። የሚያውቀውን ሰው በስድብ ካባረርን በኋላ ግን ቦታውን የሚይዘው እንደ እኛው የማያውቅ ነው፤ ዕዳውን የሚከፍሉት ደግሞ ልጆች ናቸው።

እስኪ በእውነት... ሥራውን በሚያውቅ ሰው ላይ ጮኻችሁ፣ በኋላ ስህተቱ የራሳችሁ ሆኖ ያገኛችሁበት ቀን የለም? ሄዳችሁ ይቅርታ ጠየቃችሁ ወይስ አፍራችሁ ቀራችሁ? ሳትደብቁ ከታች ጻፉልኝ።