ያስፐር ፈቃድ ሊጠይቅ የሄደ ዕለት

ያስፐር ያን ቅዳሜ ጠዋት ከአምስተርዳም ባቡር የተሳፈረው አንዲት ዓረፍተ ነገር በቃሉ ይዞ ነው። «አቶ ሂልበርት፣ ልጅዎን ፌምከን ለማግባት ፈቃድዎን እጠይቃለሁ።» መስታወት ፊት ቆሞ ሲለማመዳት ሰንብቷል።

አባትን ፈቃድ መጠየቅ ዛሬ የቀረ ነገር ነው። ያስፐርም ይህ አይጠፋውም። ግን አቶ ሂልበርት ሚስታቸው ከሞተች ወዲህ ትራም እየነዱ አንዲት ልጃቸውን ብቻቸውን ያሳደጉ ሰው ናቸው። ፌምከ «አባቴን ቅር አሰኝቼ አላገባም» ብላለች፤ በቃ። እሷ ያን ቀን ሥራ ገብታለች። «ወደ ነፋስ ወፍጮዎቹ መንደር ውሰደው» አለችው። «እዚያ ሲሄድ ደስ ይለዋል። ደስ ሲለው ጠይቀው።»

ያስፐር ብቻውን ለመጋፈጥ ወኔ አጣ። ስለዚህ እናቱን ቲነከን ለድጋፍ አስከተላት። እሷና አቶ ሂልበርት በፌምከ ልደት ላይ ኬክ እየበሉ ተዋውቀዋል። ቲነከ ባሏ ከሞተ ጀምሮ ከቤት ንቅንቅ የማትል ሴት ናት፤ የዚያን ቀን ግን ሳታስለምነው እሺ አለች።

«ሰውየውን ለእኔ ተወው» አለችው። «አለሳልስልሃለሁ።»

አቶ ሂልበርት ባቡሩ ውስጥ ከያስፐር ፊት ለፊት ተቀመጡ። ሸሚዛቸው ተተኩሷል፣ ጢማቸው ተከርክሟል፣ ፊታቸው ግን ፍርድ ሊሰጥ እንደተሰየመ ዳኛ ኮስተር ብሏል። ቲነከ በመስኮት ላሞቹን ታያለች።

«እናትህ የምትኖረው ካንተ ጋር ነው?» ሲሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁት።

«አይ፣ ብቻዋን ነው የምትኖረው።»

«ብቻዋን» አሉ። «ስንተኛ ፎቅ?»

«ሦስተኛ። አሳንሰር የለውም።»

አቶ ሂልበርት ከንፈራቸውን መጠጡ። «ኋላ ጉልበት ሲከዳ እንዴት ሊሆን ነው? አስበህበታል?»

ያስፐር ነገሩ ገባው። ሰውየው አማት ልጃቸው ጫንቃ ላይ እንዳትወድቅ ፈርተዋል። እናቱን ያስከተለበትን ሰዓት ረገመ።

ዛንዳይክ ጣቢያ ሲወርዱ አየሩ ከቸኮሌት ፋብሪካው የተነሳ ካካዎ ካካዎ ይሸታል። ድልድዩን ሲሻገሩ ነፋሱ የቲነከን ሻርፕ ሊወስደው ታገለ፤ ከወንዙ ማዶ ወፍጮዎቹ ክንፋቸውን እያሽከረከሩ ነበር። የእንጨት ጫማ የሚጠርብ ሰው ሱቅ ገቡ። አቶ ሂልበርት አንድ ጥንድ አንስተው ለያስፐር ሰጡት።

«እስቲ ሞክረው።»

«ጠበበኝ።»

«ትዳርም እንዲሁ ነው» አሉ። «መጀመሪያ ይጠብሃል፤ ኋላ እግርህ ይጠነክራል ወይም ትሸሻለህ።»

ቲነከ ከት ብላ ሳቀች። ያስፐር አልሳቀም። ነገሩ ማስጠንቀቂያ መሰለው።

አይብ ቤቱ ውስጥም እናቱ አላረፈችም። «ከሙን ያለበትን አይብ የሚወድ ሰው ምላስ የለውም» ብላ ሰውየውን ተረበቻቸው። «ቀምሰሽው ታውቂያለሽ?» ሲሉ በቢላዋ ጫፍ ቆርሰው አቀበሏት። እየተቃወመች በላችው። ያስፐር ትንሽ ተነፈሰ፤ እናቱ ማለሳለሱን ጀምራለች ማለት ነው።

ዘይት ጨማቂው ወፍጮ ጋ ሲደርሱ አቶ ሂልበርት ወደ ላይ ልውጣ አሉ። መሰላሉ ቀጥ ያለ ነው። ያስፐርን ከፍታ ያዞረዋል፣ ስለዚህ ታች ቀረ። ጉልበቴን የምትለው እናቱ ግን ቀሚሷን ሰብስባ ተከተለቻቸው።

ከታች አንጋጦ የወፍጮው ሰገነት ላይ አያቸው። ክንፎቹ እያፏጩ ስለሚያልፉ ድምፃቸው አይሰማም። አቶ ሂልበርት ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ እጃቸውን እያወናጨፉ ብዙ ተናገሩ። ቲነከ ራሷን ነቀነቀች፤ እምቢታ ይመስላል። ሰውየው ጀርባቸውን ሰጧትና ወደ ወንዙ ዞሩ። እሷ ክንዳቸውን ያዘች። አንድ ነገር አለቻቸው። ከዚያ ፊቷን በሻርፗ ሸፈነች።

አለቀ፣ አለ ያስፐር በልቡ። እናቴ ለምናልኝ እምቢ አሏት።

ስትወርድ ዓይኗ ቀልቷል።

«እማዬ፣ ምን አሉሽ?»

«ነፋሱ ነው ዓይኔን ያቃጠለኝ» አለች። «ራስህ አናግራቸው። ብቻ ያስፐር፣ የሚሰሙህን ያህል ስማቸው። አደራ፣ አትቆጣ።»

ፓንኬክ ቤት ገቡ። ቲነከ እጄን ልታጠብ ብላ ሄደች፤ ቆየችም። አቶ ሂልበርት ፓንኬካቸውን ለሕፃን እንደሚያጎርስ ሰው እየቆራረጡ አንዱንም አልቀመሱ። ያስፐር ያጠናት ዓረፍተ ነገር ከአእምሮው ጠፋች።

«ፌምከን» አለ። «ማለቴ... ልጅዎን... እንድንጋባ ፈቃድዎን...»

አቶ ሂልበርት ቀና አሉ። «ፌምከን? እሷማ ከወደደችህ ቆይታለች። እኔ እኮ ድግሱን ስጠብቅ ነው የከረምኩት።»

«ታዲያ... ታዲያ ከጠዋት ጀምሮ ለምን ተኮሳተሩብኝ?»

«ፈርቼህ ነዋ!»

«እኔን?»

አዛውንቱ ሹካቸውን አስቀመጡ፣ የሸሚዛቸውን ኮሌታ አስተካከሉ፣ ወንበራቸውን ወደ ያስፐር ሳብ አደረጉ።

«ያስፐር፣» አሉ፣ «እናትህን ትድርልኛለህ?»