የዋስትናው ብይን

ዳኛው ሕገ መንግሥቱን ሲጠቅሱ ድምፃቸው ጎርነን፣ አንገታቸውም ቀና ይላል። ያን ዕለት ፖሊስ ለምርመራ ተጨማሪ ቀን ቢጠይቅ፣ "በቃ!" አሉ። "ዋስትና መብት እንጂ ችሮታ አይደለም። ተጠርጣሪው ዛሬውኑ ይፈታ!"

የተጠርጣሪው እናት ወይዘሮ የሺመቤት ምሳ ዕቃቸውን እንደታቀፉ ከኋላ ወንበር ተነሡ። ዳኛውም መቼም ሰው ናቸውና ምርቃት ሊቀበሉ ፈገግ ብለው ጠበቁ።

"ጌታዬ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ። ግን እባክዎ አይፍቱብኝ።"

"ምን ማለትዎ ነው፣ እናቴ?"

"ባለፈውም እርስዎ ፈቱት፤ እነሱ ገና ከበሩ ሳይወጣ አፈፍ አድርገው ወሰዱት። ምግብ ይዤ ከጣቢያ ጣቢያ ስንከራተት፣ 'እኛ ዘንድ የለም' ሲሉኝ ከረምኩ። እዚህ ከታሰረልኝ እንኳ ያለበትን አውቃለሁ።"