ሦስተኛው ስም

ጡረተኛው በሕይወት መኖራቸውን ሊያስመዘግቡ የጡረታ መሥሪያ ቤቱ መስኮት ጋ ቀረቡ። ጸሐፊዋ ስማቸውን ከነአባትና ከነአያታቸው ኮምፒውተሩ ውስጥ አስገባች።

«አልተገኘም ይላል፣ ጋሼ» አለች። «ሰው በሕይወት መኖሩን የሚያጣራልን የፕሮግራም ክፍል፣ ፈንክሽን የሚሉት፣ ሲጻፍ ሁለት ስም እንዲቀበል ነው የተጻፈው። አዲሱ መመሪያ ደግሞ የአያት ስም ይጨመር ይላል። ሦስት ስም ስንሰጠው ኮምፒውተሩ ሦስት ስም የሚቀበል ፈንክሽን አላውቅም ብሎ ይመልሳል። እኛም ሰውየውን እንደሞተ እንይዘዋለን።»

«ታዲያ አታስተካክሉትም?»

«የጻፉት የድሮ ሠራተኛችን ነበሩ። ልናስጠራቸው አስበን መጀመሪያ ኮምፒውተሩን ጠየቅነው። ሞተዋል።»

ሽማግሌው መነጽራቸውን አወለቁ። «የጻፍኩት እኔ ነኝ» አሉ። «ያኔ ሁለት ስም ይበቃ ነበር።»

ጸሐፊዋ ከወንበሯ ተነሳች፤ ሻርፗን አስተካክላ አንገቷን ደፋች።

«ነፍስ ይማር፣ ጋሼ።»