ባቡር የሚቀርጸው ሰውዬ

ሰውየው አልጣማትም። ለሥራ ወደ ጅቡቲ የሚመላለሰውን ባሏን ልትሸኝ ባቡር ጣቢያ በመጣች ቁጥር፣ እሱም ስልኩን ማቆሚያ ላይ ሰክቶ ባቡሩን ሲቀርጽ ታገኘዋለች። ጤነኛ ሰው መቼም ሥራ ፈቶ ባቡር ሲቀርጽ አይውልም። ዛሬማ እንዳይቀየርበት ብላ እጀታው ላይ ቀይ ጨርቅ ያሰረችለትን ሻንጣ ይዞ ባሏ ከተሳፈረ በኋላ፣ ዓይኗን ሰውየው ላይ ተከለች። ባቡሩ ጥሩንባውን ነፍቶ ሲነሳ እንኳ አልዞረችም።

«ያዙልኝ! ይሄ ሰላይ ነው!» አለች፣ ፖሊሱን እጁን ይዛ እየጎተተች።

«ኧረ እህቴ፣ ባቡር ስለምወድ ነው» አለ ሰውየው እየተርበተበተ።

«እኔን አታሞኘኝም! ሕዝብ የተሳፈረበትን ባቡር ቀርጸህ ለማን ልትሰጥ ነው? አሁኑኑ ይጥፋ!»

ፖሊሱ ስልኩን ተቀብሎ ቪዲዮውን ከፈተው። ሦስቱም አንገታቸውን አስግገው ማየት ጀመሩ። ባቡሩ ቆሟል። በሩ ሊዘጋ ሲል ከመጨረሻው ፉርጎ አንድ ሰው ዱብ አለ፤ የሻንጣው እጀታ ላይ ቀይ ጨርቅ ታስሯል። ግራ ቀኙን ቃኘ። ጃንጥላ የያዘች ወጣት መጥታ ክንዱን ያዘችውና በኋላ በር ተያይዘው ወጡ። ከዚያ ባቡሩ ሄደ።

«ከባቡር በቀር ምንም የለበትም» አለ ፖሊሱ። «ለማንኛውም እህታችን ቅር ካላት ይጥፋ። አጥፋው፣ ወንድሜ።»

ሰውየው ጣቱን ወደ ስልኩ ሲሰድ ሴትየዋ እጁን ለቀም አደረገችው።

«አይጥፋ» አለች። «ለእኔ ላክልኝ።»